«ስሜ በደብተሩ ላይ የለም»፦ የመሬት ይዞታን የሚመለከቱ የአንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ እትም ከጅማ ዞን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱን መርጠን መልስ ሰጥተናል። የጠያቂዎቹን ማንነት ለመጠበቅ ስማቸውንና የቀበሌያቸውን ስም ትተናል፤ ደብዳቤዎቹም በመጠኑ አጥረዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ ተመሳሳዩ ከብዙ አካባቢ ስለሚቀርብልን ሰፋ አድርገን ተመልክተነዋል።

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ በማና ወረዳ ነው። ባለቤቴ ሁለት ሚስቶች ነበሩት፤ እኔ ሁለተኛዋ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የኖርኩት ከመጀመሪያዋ ሚስቱ ቤት ማዶ፣ በቡናው ማሳ ላይ በተሠራ ቤት ውስጥ ነው። ማሳውን ስንይዘው እኩሌታው ቁጥቋጦ ነበር። ጉድጓድ ቆፍሬ ችግኙን የተከልኩት፣ የጥላውን ዛፍ ያሳደግኩት፣ በየዓመቱ እሸቱን ለቅሜ ለማኅበር ያስረከብኩት እኔ ነኝ፤ ሁለቱ ሴቶች ልጆቼም ከፍ ካሉ ወዲህ አግዘውኛል። ባለቤቴ ባለፈው ዓመት ዐረፈ። ኢዳ (ባል የሞተባት ሴት በእስልምና የምትጠብቀው የሐዘን ጊዜ) ላይ ሆኜ ከቤት ሳልወጣ የእንጀራ ልጆቼ ቀበሌ ሄደው ይዞታው በሙሉ ወደ ስማቸው እንዲዛወር አመለከቱ። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ የወጣው በ2001 ዓ.ም. ሲሆን በላዩ የሰፈረው የባለቤቴና የመጀመሪያዋ ሚስቱ ስም ብቻ ነው። «አንቺ በደብተሩ ላይ የለሽም፤ ሴቶች ልጆችሽም ባል ሲያገቡ መሬት ያገኛሉ» ይሉኛል። ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤትም ጠርተውኛል። ሽማግሌዎች ደግሞ የአንድ ዓመት ምርት ተቀብዬ ወደ ወንድሜ ቤት እንድሄድ መክረውኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ፈጣሪ ያጽናዎት። ወደ ሕጉ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር አደራ እንላለን፤ ከቤቱና ከማሳው አይውጡ። ሽማግሌዎቹ የመከሩዎት በቅን ልብ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የአንድ ዓመት ምርት ተቀብሎ መሬት የለቀቀ ሰው ከጊዜ በኋላ ተመልሶ ሲጠይቅ፣ ተከራካሪዎቹ አስቀድመው የሚያነሱበት ነገር ቢኖር «በስምምነት ለቅቃለች» የሚል ነው። ላለመጣላት ሲሉ በዚህ መንገድ ወጥተው ሳይመለሱ የቀሩ እናቶችን እናውቃለን።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነጥብ እናንሳ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ኑዛዜ ሳይተው የሞተን ሰው በመጀመሪያ ደረጃ የሚወርሱት ልጆቹ ናቸው፤ ሚስት በዚህ የወራሾች ተራ ውስጥ አልተጠቀሰችም። የእንጀራ ልጆችዎ «አባታችንን የምንወርስ እኛ ነን» ሲሉ ከዚህ የሕግ ድንጋጌ ጋር የሚገናኝ ነገር እየተናገሩ ነው። ሆኖም እርስዎ መሬቱን የሚጠይቁት በወራሽነት መሆን የለበትም። ጥያቄዎ የባለይዞታነት፣ ማለትም ባለቤትዎ በሕይወት ሳሉም የራስዎ በነበረው መብት ላይ የቆመ ጥያቄ ነው። የራስዎ የሆነው ድርሻ ከሟች ውርስ ውስጥ ስለማይቆጠር ለማንም ወራሽ አይከፋፈልም። በመሆኑም አቤቱታ ሲያስጽፉ «የባሌ ውርስ ይሰጠኝ» ተብሎ እንዳይጻፍ ይጠንቀቁ፤ «በይዞታዬ ላይ ያለኝ መብት ይረጋገጥልኝ» ተብሎ ይጻፍ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ልዩነት ምክንያት ሙሉ ክርክር ሲበላሽ ይታያል።

ይህ መብት ከየት መጣ ቢባል፣ መነሻው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 35(7) ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተላለፍ፣ በማስተዳደርና በመቆጣጠር ረገድ ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው፣ በውርስም በእኩልነት የመታየት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ለእርስዎ ጉዳይ ይበልጥ ቅርብ የሆነው ግን የኦሮሚያ ክልል በ1999 ዓ.ም. ያወጣው የገጠር መሬት አጠቃቀምና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 130 ነው፤ ደብተሩ በወጣበት በ2001 ዓ.ም. በሥራ ላይ የነበረው ሕግ እርሱ ነበርና። ይህ አዋጅ ባልና ሚስት በጋራ ለያዙት መሬት የሁለቱም ስም የሰፈረበት የጋራ ማረጋገጫ እንዲሰጣቸው ያዝዝ ነበር። ከአንድ በላይ ሚስት ያለው ባል ደግሞ በጋራ ማረጋገጫ ላይ ስሙ የሚሰፍረው ከአንዷ ሚስቱ ጋር ብቻ ሲሆን፣ ሌሎቹ ሚስቶች በየራሳቸው ስም የተናጠል ማረጋገጫ ማግኘት እንዳለባቸው ይደነግግ ነበር። የሕጉ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ባል በእያንዳንዷ ሚስት መሬት ላይ እየተመዘገበ ድርሻውን እንዳያበዛ፣ ሁለተኛዋና ሦስተኛዋም ስም አልባ ሆነው እንዳይቀሩ የታሰበ ነው።

ስለዚህ ስምዎ በዚያ ደብተር ላይ አለመኖሩ ብቻውን መብት እንደሌለዎት አያሳይም። መጀመሪያም ቢሆን መስፈር የነበረበት በዚያ ደብተር ላይ ሳይሆን በሌላ፣ በእርስዎ ብቻ በተዘጋጀ ደብተር ላይ ነበር። ያ ደብተር አለመዘጋጀቱ የምዝገባ ጉድለት ነው። ክርክርዎ መቆም ያለበት በዚህ ላይ ነው፤ ለወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ የሚያቀርቡት ማመልከቻም ይህንኑ በግልጽ ይናገር።

ማስረጃን በተመለከተ፣ ከደብዳቤዎ ጋር የላኩልን የወረቀት ቅጂዎች ከሚያስቡት በላይ ዋጋ አላቸው። ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ የተሰጠዎት የእሸት ቡና መረከቢያ በስምዎ ነው፤ ጠርዙ በቡና ጭማቂ ወይቧል፣ አንዳንዱም ላይ ኪሎው በእርሳስ ስለተጻፈ ደብዝዟል፤ ስምዎና ቀኑ ግን ይነበባሉ። ይህን የመሰለ ወረቀት ማሳው በማን እጅ እንደነበረ ከብዙ ምስክር ቃል ይልቅ ያስረዳል። ከዚህ ሌላ በእጅዎ የተከፈለ የመሬት መጠቀሚያ ግብር ደረሰኝ ካለ ይፈልጉ። በአራቱም ማዕዘን ያሉትን አዋሳኞች ከወዲሁ ያነጋግሩ። ዋናውን ወረቀት ለማንም አይስጡ፤ ቅጂው ይበቃል።

ምስክርን ካነሳን አይቀር፣ ስለ መጀመሪያዋ ሚስት አንድ ሐሳብ እንጨምር። በደብዳቤዎ ውስጥ ስለ እርሳቸው አንድም ክፉ ቃል አልጻፉም። የሚከራከሩት ልጆቻቸው ናቸው እንጂ እርሳቸው አይደሉም። እርስዎ የሚጠይቁት የእርሳቸውን ይዞታ እንዳልሆነ ራስዎ ሄደው ቢያስረዷቸው፣ ማዶ ያለው ማሳ ሃያ ሁለት ዓመት በማን እንደለማ ከእርሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም። እርሳቸውም ቢሆኑ ልጆቹ ሁሉን በስማቸው ካዛወሩ የጋራ ይዞታ ድርሻቸው አደጋ ላይ ይወድቃል። የሁለታችሁ ጥቅም በዚህ ነጥብ ላይ አንድ ነው።

ወደ ሴቶች ልጆችዎ ስንመጣ ነገሩ አጭር ነው። በይዞታው ላይ የአባታቸው ድርሻ የሆነ ነገር ካለ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 842 ልጆችን በእኩል ድርሻ ያወርሳል፤ ቁጥር 837 ደግሞ የወራሹ ፆታ ልዩነት እንደማያመጣ ይናገራል። «ባል ሲያገቡ ያገኛሉ» የሚለው አነጋገር የሕግ መሠረት የለውም። እርስዎ እንዳዩት፣ ባል አግብቶም ስም ሳይመዘገብ ሃያ ሁለት ዓመት ሊያልፍ ይችላል።

የሸሪዓ ፍርድ ቤቱን ጥሪ በተመለከተ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) መሠረት የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ ሊዳኝ የሚችለው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው። መፍቀድም አለመፍቀድም የእርስዎ መብት ነው፤ ባይፈቅዱ ከሃይማኖትዎ ወጡ ማለት አይደለም። በሸሪዓውም ቢሆን ሚስትና ሴት ልጅ የተወሰነ ድርሻ ያላቸው እንጂ ባዶ እጃቸውን የሚሄዱ አይደሉም፤ ስለዚህ «ሃይማኖቱ አይፈቅድልሽም» የሚልዎት ሰው ካለ ሃይማኖቱንም በትክክል እየነገረዎት አይደለም። ሆኖም የይዞታ ማረጋገጫ ጉዳይ ከውርስ ክፍፍል የተለየ ስለሆነ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት እንዲወስዱት እንመክራለን። ፈቃድዎን የሚገልጽ ወረቀት ላይ ሳያነቡ ወይም ሳይነበብልዎ አይፈርሙ።

አካሄዱን በሚመለከት፣ በክልሉ አሠራር የመሬት ክርክር መጀመሪያ ለቀበሌው አስተዳደር ቀርቦ ሁለቱም ወገኖች በመረጧቸው ሽማግሌዎች ይታያል፤ ያልተስማማው ወገን ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ሽማግሌዎቹን ሲመርጡ የእርስዎን ወገን ራስዎ እንዲመርጡ ይጠይቁ እንጂ ሌላ ሰው የመረጠልዎትን አይቀበሉ። ወደ ፍርድ ቤት ሲደርሱ ደግሞ የቡናው ለቀማ ከመድረሱ በፊት፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ይዞታው እንዳይዛወርና ምርቱ እንዳይነካ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 መሠረት የእግድ ትእዛዝ ያመልክቱ። የዳኝነት መክፈያ ከሌለዎት በቁጥር 467 መሠረት በደሃ ደንብ ክስ ለመመሥረት መጠየቅ ይችላሉ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም አቅም ለሌላቸው ሰዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ጊዜን በተመለከተ ዝም አይበሉ። የእንጀራ ልጆችዎ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 1000 ጠቅሰው የወራሽነት ጥያቄ በ3 ዓመት ይቋረጣል ብለው በልጆችዎ ላይ ሊከራከሩ ይችላሉ። ያ ክርክር ቢቀርብ መልስ የለውም ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን የልጆችዎ ክስ ቀደም ብሎ ከቀረበ ጭራሽ ሊነሳ አይችልም። ደግሞም ይዞታው ሲከፋፈል ማሳው እስከ ምን ድረስ ሊቆራረጥ እንደሚችል ገደብ አለ፤ የ1999ኙ የክልሉ አዋጅ ለቋሚ ተክል ዝቅተኛውን መጠን 0.25 ሄክታር፣ ለዓመታዊ ሰብል 0.5 ሄክታር አድርጎት ነበር። ማሳው አነስተኛ ከሆነ ለልጆችዎ የሚደርሰው የጋራ ይዞታ ሊሆን እንደሚችል ከአሁኑ ይወቁት።

ጥያቄ፦ የምንጽፈው ከጌራ ነው። አያቶቻችን ቀፎ የሰቀሉባቸው ዛፎች ዛሬም በስማቸው ይጠራሉ፤ የማን ዛፍ የት እንዳለ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ጫካውን ከልሎ የሚጠብቀው የደን ማኅበራችን ቢሆንም ከጫካው ከፊሉ ለባለሀብት ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ እንሰማለን። በሌሎች አገሮች ለነባር ሕዝቦች የተለየ የመሬት መብት እንደሚታወቅ በሬዲዮ ሰምተናል። በእኛስ አገር ይኖራልን?

መልስ፦ የኢትዮጵያ ሕግ «ነባር ሕዝቦች» የሚል የተለየ መብት ያለው ወገን አይለይም። የሚያውቀው «ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች» የሚለውን ሲሆን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(3) መሠረት መሬት የመንግሥትና የእነርሱ የጋራ ንብረት ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የነባር ሕዝቦችን መብት የሚመለከተውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 169 ኢትዮጵያ አልተቀበለችውም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በመስከረም 2000 ዓ.ም. ያወጣው መግለጫም ቢሆን እንደ ስምምነት የሚያስገድድ አይደለም። በሬዲዮ የሰማችሁት በዚህ መልክ አገራችን አልገባም።

ይህ ማለት ግን ምንም የላችሁም ማለት አይደለም። ከእናንተ ኑሮ ጋር እጅግ የሚቀራረብ አንድ ጉዳይ እንጥቀስ። በኬንያ ማው ደን ውስጥ የሚኖሩት፣ እንደ እናንተ በማር ቆረጣ የታወቁት ኦጊየኮች ከደኑ እንዲወጡ በመደረጋቸው ጉዳያቸው ወደ አፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ፍርድ ቤቱ በ2009 ዓ.ም. የመሬት መብታቸው በአፍሪካ ቻርተር መሠረት ተጥሷል ሲል ፈርዶላቸዋል። ኢትዮጵያ የዚያን ፍርድ ቤት ማቋቋሚያ ፕሮቶኮል ስላላጸደቀች መንገዱ ለእናንተ ክፍት አይደለም፤ ቻርተሩን ግን በ1990 ዓ.ም. ተቀብላዋለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረትም የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። በአቤቱታችሁ ውስጥ ብትጠቅሱት መብታችሁ ነው።

በቅርብ ያለው መሣሪያችሁ ግን የደን ማኅበራችሁ ነው። «በለጠ-ጌራ» በሚባለው ደን ውስጥ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት ድጋፍ የተቋቋሙት፣ በአካባቢው «ዋቡብ» የምንላቸው የደን አስተዳደር ማኅበራት ከመንግሥት ጋር የተፈራረሙት የጋራ አስተዳደር ውል አለ። የማኅበራችሁን ውል ፈልጋችሁ አንብቡት፤ ቅጂው በሊቀመንበሩ ቤት ሳጥን ውስጥ ብቻ እንዲቀመጥ አትፍቀዱ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ደግሞ ደንን የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ብሎ ስለሚለይ የማኅበረሰብ ደን በራሱ የታወቀ የይዞታ ዓይነት ነው። የእናንተ ደን ከየትኛው እንደሚመደብ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ሁሉም ነገር በዚያ መልስ ላይ ይወሰናል። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ ማድረጋችሁ ወሬውንም ያጣራል። እውነት ሆኖ ከተገኘ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43(2) እና በአንቀጽ 92(3) በሕዝቡ ላይ በቀጥታ በሚደርስ የልማትና የአካባቢ ዕቅድ ላይ ሕዝቡ እንዲመከርበትና ሐሳቡን እንዲገልጽ መብት ሰጥቷል። ስለዚህ ስብሰባ ሲጠራ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ተቃውሟችሁም በቃለ ጉባኤው ውስጥ ይስፈር። በስብሰባ ላይ የሚዞረው የፊርማ ወረቀት የተገኛችሁ መሆናችሁን ብቻ ይናገር እንደሆነ፣ ወይም መስማማታችሁን ጭምር ይናገር እንደሆነ ከላይ ያለውን ጽሑፍ አንብባችሁ ፈርሙ።

በደብዳቤያችሁ ግርጌ ከሰፈሩት አሥራ ስድስት ስሞች አንድም የሴት ስም አላየንም። ይህን የምንለው ለወቀሳ አይደለም፤ ለጉዳያችሁ ስለሚጠቅም ነው። ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ መስቀል የወንድ ሥራ ስለሆነ በስም የሚጠሩት ዛፎች የወንዶች ናቸው። ከዛፉ ሥር ኮረሪማውን፣ ጢሚዙንና ማገዶውን የሚሰበስቡት ግን ብዙውን ጊዜ ሴቶች ናቸው፤ ለዚያ አጠቃቀም ስም የተሰጠው ዛፍ የለም። የማኅበሩ መዝገብ አባወራን ብቻ ከጻፈና የደኑ ጥቅም ሲዘረዘር ማርና ቡና ብቻ ከተነሱ፣ የደኑ እኩሌታ ጥቅም እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ ካሳም ሆነ ድርድር ሲመጣ የሚሰላው በመዝገብ ያለው ብቻ ነው። ባልና ሚስት ሁለቱም በአባልነት እንዲመዘገቡ፣ ባሏ የሞተባት ሴትም አባልነቷ እንዳይቋረጥ መተዳደሪያ ደንባችሁን አሻሽሉ። ይህ በራሳችሁ ጉባኤ ውሳኔ ሊሠራ የሚችል ነገር ነው።

ጥያቄ፦ አጋሮ አካባቢ ነኝ። ባለቤቴ ሳያማክረኝ የጋራ የቡና ማሳችንን በሙሉ ለአንድ ነጋዴ ለ10 ዓመት ወለድ አገድ (ገንዘብ ተበድሮ በወለዱ ፈንታ አበዳሪው በመሬቱ እንዲጠቀም) ሰጥቶታል። ውሉን የፈረመው እርሱ ብቻ ነው። ደብተሩ ላይ ስሜ አለ። ውሉ ያስገድደኛል?

መልስ፦ ደብተሩ በሁለታችሁ ስም ከሆነ መልሱ ከመጀመሪያዋ ጠያቂያችን ይልቅ የቀለለ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 የመሬት ኪራይ ውል በመሬቱ የመጠቀም መብት ያላቸውን ሰዎች ሁሉ ስምምነት እንዲያገኝ፣ በሚመለከተው አካልም ጸድቆ እንዲመዘገብ ያስገድድ ነበር፤ ይህ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተተክቷል። በኦሮሚያም የ1999ኙ አዋጅ ባለይዞታው ከመሬቱ ከእኩሌታው በላይ እንዳያከራይ፣ ዘመናዊ ቴክኖሎጂ ለማይጠቀም ተከራይም ከ3 ዓመት በላይ እንዳይሰጥ ወስኖ ነበር። የእርስዎ ባለቤት የፈረሙት ውል ማሳውን በሙሉ የሰጠ፣ ጊዜው 10 ዓመት የሆነ፣ ስሙም ወለድ አገድ ተብሎ ብድር የተሸፈነበት ነው። የውሉ ቀን የትኛው ሕግ ተፈጻሚ እንደሚሆን ስለሚወስን መጀመሪያ ቅጂውን ያግኙና ቀኑን ይመልከቱ።

በእርስዎ ያልተፈረመ ውል በድርሻዎ ላይ እንዲጸና መደረግ የለበትም፤ ውሉ እንዲፈርስ የወረዳውን ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላሉ። ነጋዴው የሰጠው ገንዘብ ግን ተመላሽ መጠየቁ ስለማይቀር፣ ገንዘቡ በምን ላይ እንደዋለ ከባለቤትዎ ጋር ክስ ከመመሥረትዎ በፊት ተነጋገሩ። ለልጆች ትምህርት ወይም ለሕክምና ከዋለ ዕዳው የጋራ ነው ተብሎ ሊቆጠር ይችላል፤ ለግል ጉዳዩ ከዋለ ደግሞ ያንን የሚያስረዳ ሰው ወይም ወረቀት አሁኑኑ ያስፈልግዎታል። እስከዚያው ወደ መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱ ሄደው ውሉ መመዝገብ አለመመዝገቡን ይጠይቁ። ካልተመዘገበ ያለ እርስዎ ፊርማ እንዳይመዘገብ ዛሬውኑ በጽሑፍ ይቃወሙ፤ ማመልከቻዎን የተቀበለው ሠራተኛም በቅጂው ላይ ቀንና ማኅተም እንዲያሰፍርልዎ ያድርጉ።